ፊልሙን ሳያዩ ስለ ፊልሙ መከራከርና ሌሎች ስህተቶቻችን

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ፊልም እናያለን። ቦታው የአንድ ጓደኛችን ሳሎን ነው። አንድ ፕሮጀክተር አለን፤ ግድግዳ ላይ የሚወጠር ነጭ አንሶላ፣ ሁለት ስፒከር፣ ከጎረቤት የምንዋሳቸው ወንበሮች። አብዛኛውን ጊዜ 15 ሰው እንሆናለን። ፊልሙ ሲያልቅ ቡና ይፈላል፤ ከዚያ ወሬው ይጀመራል። ፊልሙን የምመርጠውም ውይይቱን የምመራውም እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

በእነዚህ ዓመታት ሰው ስለ ፊልም ሲያወራ ብዙ ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ የማልረሳው ጥሩ ነገር ሰምቻለሁ። እየተመላለሱ የሚመጡ ስህተቶችም አሉ። ባለፈው እሁድ አንደኛውን እንደገና ሰማሁትና ማታ ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ትረካ ሰምቶ «ፊልሙን አይቼዋለሁ» ማለት

ከዚህ ልጀምር። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው የአንድን ፊልም ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ12 ደቂቃ በአማርኛ ይተርካል። እሱ ሲያወራ የፊልሙ ቁርጥራጭ ምስሎች ከኋላ ይሮጣሉ። ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ያያል፤ ምሳ እየበላ ያያል። ተራኪዎቹን አልጠላም። አንዳንዶቹ የሚገርም አንደበት አላቸው። የውጭ ቋንቋ ለማይሰማ፣ ሰብታይትል ማንበብ ለሚያስቸግረው ሰው ትልቅ ውለታ ውለዋል። እናቴም ትሰማቸዋለች። ችግሩ የሚመጣው ትረካውን የሰማ ሰው ስለ ፊልሙ ፍርድ ሊሰጥ ሲነሣ ነው።

ወንድሜ፣ አላየኸውም። ታሪኩን ነው የሰማኸው። ሠርጉ ላይ ያልነበረ ሰው ምን ምን እንደቀረበ ከሌላ ሰምቶ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ቢል ማን ይሰማዋል?

ሐምሌ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ቡድናችን መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሲናገር ደስ ይላል። የሚቀጥለው እሁድ «12 አንግሪ ሜን»ን እንደምናይ ስናገር «እሱማ አይቼዋለሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ያልቃል፤ ደባሪ ነው» አለ። የት እንዳየው ጠየቅኩት። ትረካውን ነው የሰማው።

ትረካው አልዋሸም። ታሪኩ እውነትም አጭር ነው። አንድ ልጅ አባቱን በጩቤ ገድሏል ተብሎ ተከሷል። ጁሪ ሆነው የተመረጡ 12 ተራ ሰዎች ሊወስኑበት ክፍል ውስጥ ይገባሉ። 11ዱ ጥፋተኛ ነው ይላሉ፤ አንዱ «ቆይ እንነጋገርበት» ይላል። በመጨረሻ ሁሉም ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። በሦስት ደቂቃ ተናግሮ መጨረስ ይቻላል።

ፊልሙ ግን 96 ደቂቃ ነው፤ ያ ሁሉ ጊዜ ከሞላ ጎደል የሚያልፈውም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት በ1957 ይህን ሲሠራ ለሲኒማ የመጀመሪያ ሥራው ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ሰውን ይህን ያህል እንዴት ታስቀምጠዋለህ? እንዴት እንዳደረገው ራሱ በኋላ አስረድቷል። በመጀመሪያው ሲሶ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ቁልቁል ያያቸዋል። በሁለተኛው ሲሶ ከዓይናቸው ጋር ይስተካከላል። በመጨረሻው ሲሶ ዝቅ ይልና ሽቅብ ያያቸዋል፤ ያኔ ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሌንሱም እየረዘመ ይሄዳል። ሌንስ ሲረዝም ከኋላ ያለው ነገር ወደ ፊት ስለሚሳብ ግድግዳው ሰዎቹ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ቬንቲሌተሩ እምቢ ይላል፤ ሸሚዞቹ በላብ ይርሳሉ፤ ሰማዩ ይጠቁርና ዝናብ ይወርዳል። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ ለተመልካቹ ግን እየጠበበ ይመጣል። በመጨረሻ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ሰፊ ሌንስ ይገባል፤ ያኔ አየር ታገኛለህ።

የትኛው ተራኪ ይህን ይነግርሃል? ቢፈልግስ እንዴት አድርጎ? በ12 ደቂቃ ውስጥ ክፍል አይጠብም።

ልጁ በሚቀጥለው እሁድ መጣ። ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተው። ሐምሌ ነው፤ ውጪው ብርድ ነው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ቡና ላይ ለምን እንደከፈተው ጠየቅኩት። «አፈነኝ» አለ። ከዚያ ራሱ ዝም አለና የፊልሙን ክፍል ማሰብ ጀመረ። ዛሬ ከሁላችንም ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው።

ትረካ የሰማ ሰው «ትረካውን ሰምቻለሁ» ይበል። ነውር የለውም። እንዲያውም ጥሩ ወሬ ይወጣዋል፤ ያየና የሰማ ቁጭ ብለው ልዩነቱን ይጨዋወታሉ። ፍጥነቱን ጨምሮ የሚያይም ከዚሁ ጎራ ነው፤ የተዋናዩን ትንፋሽ ቆርጦ ጥሎ ስለ ትወናው ምን ብሎ ይናገራል?

«ይጎተታል» ብሎ መዝጋት

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። አሁንም ይቆጨኛል።

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው በ1974 ነው። ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት ጊዜ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ለእይታ የበቃው በ1976 ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ከንጋት ጀምሮ ሲለፋ፣ ባለመሬቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያዝ እናያለን። እጄ የገባው በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነበር። 25 ደቂቃ አይቼ ዘጋሁት። ለጓደኞቼም «ይጎተታል» ብዬ አወራሁ። ከእነሱ መካከል በእኔ ቃል ብቻ እስከ ዛሬ ሳያዩት የቀሩ አሉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አጎቴ ለሕክምና ከገጠር መጥቶ እኔ ዘንድ አረፈ። የተወለደው ጭሰኛ ቤት ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ያን እሁድ ፊልሙን ደፍሬ መርጬው ነበርና አብሮን ተቀመጠ። እኔ ፊልሙን ትቼ እሱን ነበር የማየው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። ጭሰኞቹ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ እጁ ጉልበቱ ላይ አብሮ ይጨበጥ ነበር። አንድ ወጣት «ትንሽ ረዘመ እንጂ ጥሩ ነው» ሲል አጎቴ ቀስ ብሎ «ቀኑ እኮ እንዲያ ነበር የሚረዝመው» አለ። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

እኔ በ25 ደቂቃ የሸሸሁት ያንን ነው። ኃይሌ ያን ቀን በአምስት ደቂቃ ቢያሳየን ኖሮ ስለ ጭሰኛ መረጃ እናገኝ ነበር፤ ቀኑን ግን አንኖረውም። ርዝመቱ ራሱ የሚነገረው ነገር ነው።

ይህ ማለት የሚጎተት ፊልም የለም ማለት አይደለም። ሞልቷል። ገጸ ባህሪው መኪናውን ሲያቆም፣ ከመኪናው ሲወርድ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ በር ሲያንኳኳ የምናይበት፣ ያ ሁሉ ወጥቶ ቢጣል ማንም የማያስተውለው ፊልም አለ። መለያው ቀላል ነው። ያሰለቻችሁን ትዕይንት በሐሳባችሁ አውጡት፤ ከዚያ የሚቀጥለውን እዩት። የሚቀጥለው ቀለል ካለ፣ የወጣው ክብደት የተሸከመ ነበር። ምንም ካልጎደለ እውነትም ተጎትቷል፤ ያኔ በሙሉ ልብ ተናገሩ።

ስልክ እየነካኩ አይቶ «ይጎተታል» የሚል ሰው ላይ ግን ቃል አላባክንም።

ፊልሙን ጥሎ በፊልሙ ሰበብ ሌላ ነገር መጨቃጨቅ

የኃይሌን «ጤዛ» ያየን ዕለት የሆነውን አልረሳውም። ፊልሙ በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ የሚካሄደውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የፌስፓኮን ታላቁን ሽልማት ያገኘ ነው። አንበርብር የሚባል ጀርመን አገር የተማረ ምሁር ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አእምሮው ተሰባብሯል። ታሪኩም እንደ አእምሮው ተሰባብሮ ይመጣል፤ ከመንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ ይዘላል።

ቡናው ሳይቀዳ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ማን ማንን ገደለ? ማን ቀድሞ ተኮሰ? ዳይሬክተሩ ለየትኛው ወገን ያደላል? ሁለት ሰዓት ሙሉ። ወንድሞቻቸውን በዚያ ዘመን ያጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ስለ ፊልሙ የተወራው አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጥፋቱ ከሁሉ በፊት የእኔ ነበር፤ ውይይቱን የምመራው እኔ ነኝና።

ስለዚያ ዘመን አትከራከሩ አልልም። ፊልሙ የተሠራው እንድንነጋገርበት ነው። ነገር ግን ያ ክርክር ፊልሙን ባናየውም ያው ራሱ ክርክር ይሆን ነበር። «ጤዛ» የጨመረልን ምንድን ነው? ለምሳሌ ታሪኩ ለምን በቅደም ተከተል አልተነገረም? ሰውየው ማስታወስ የሚያቅተው የቱ ጋ ነው? ያን ብንጠይቅ ኖሮ እኚያ እናት የሚናገሩት ነገር ነበራቸው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣሁ። ማንም አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ያየውን አንድ ነገርና የሰማውን አንድ ነገር ይናገራል። «ጥሩ ነው»፣ «ደካማ ነው» አይባልም። «ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር»፤ «ውሻ ሲጮህ ይሰማ ነበር»። ይኸው ነው። አንድ ዙር እንዲህ ከተባለ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ሌላ ይሆናል። ሰው የሚከራከረው ባየው ነገር ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ወስዳችሁ ቤታችሁ ብትሞክሩ ይህን ውሰዱ።

ቁጥር ጠቅሶ ክርክር መዝጋት

«አይኤምዲቢ ላይ 8.5 ነው፤ አለቀ።» ተመልካቾች ለፊልም ከ10 ነጥብ የሚሰጡበትን ድረ ገጽ ጠቅሰው ነው እንዲህ የሚሉት። ምኑ አለቀ?

የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ የፊልም ተቺዎችን ምርጡ ፊልም የቱ ነው ብሎ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዙር «ባይሲክል ቲቭስ» አንደኛ ወጣ። ከ1962 እስከ 2002 አምስት ጊዜ «ሲትዝን ኬን» ነገሠ። በ2012 «ቨርቲጎ» ቦታውን ወሰደ። በ2022 የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሆነ። «ቨርቲጎ» የወጣው በ1958 ነው፤ ወደ አናት ለመድረስ 54 ዓመት ፈጅቶበታል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ፊልሙ አንዲት ምስል አልተለወጠችም፤ የተለወጡት መራጮቹ ናቸው። «ዘ ሾሻንክ ሪደምሽን»ም በ1994 ሲኒማ ቤት ሲገባ ተመልካች አጥቶ ነበር፤ ዛሬ የአይኤምዲቢ ተመልካቾች አናት ላይ አስቀምጠውታል።

ዝርዝር ምን እንደምታዩ ለመምረጥ ይጠቅማል። ካያችሁ በኋላ ግን ምን እንደተሰማችሁ ዝርዝሩ አያውቅም።

ወላጆቻችን የወደዱትን መናቅ

የሕንድ ፊልም እንቅ ነበር። ዘፈንና ለቅሶ ነው ብዬ። እናቴ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብታ ስላየችው «ማዘር ኢንዲያ» ባወራች ቁጥር ወሬ እቀይርባት ነበር። እንዴት እንዳወራች ግን አስታውሳለሁ። ተቀምጣ አታወራውም፤ ትነሣለች።

አንድ እሁድ ለእሷ ብዬ ፊልሙን አስገባሁት። በ1957 የሜህቡብ ካን ሥራ ነው። ናርጊስ ራድሃ የምትባል ገበሬ ሆና ትሠራለች። አራጣ አበዳሪ መሬቷን እያሟጠጠ የሚወስድባት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። በሬ ስታጣ ሞፈሩን በገዛ ትከሻዋ ትጎትታለች። ይህን ስናይ በእናቴ ዕድሜ ያሉት ሴቶች ሁሉ ድምፅ አወጡ። በመጨረሻ የምትወደው ልጇ የአበዳሪውን ሴት ልጅ ከሠርጓ ላይ ይጠልፋል። እናትየው ጠመንጃ አንሥታ ልጇን ትገድለዋለች።

ጠለፋ። ያን ዕለት ቡና ላይ የተወራው ሌላ ነበር። የሴት ልጅ ክብር የመንደሩ ሁሉ ክብር ነው ብላ የገዛ ልጇን የምትገድል እናት፣ እኛ አገር እንዲህ ያለች እናት አለች ወይ? አንዲት ሴትዮ አክስታቸው ተጠልፋ የተዳረች መሆኗን ተናገሩ፤ ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገሩትም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን «ድፍረት» አየን። በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ነው። ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅና የቆመችላት ጠበቃ እውነተኛ ታሪክ ነው። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አድርገው ያወያዩን እናቶቹ ናቸው። በአንዱ ጠመንጃው በእናት እጅ ነው፤ በሌላው በልጅቷ። እኔ በፊልም ጽሑፎች ላይ እንዲህ ያለ ንጽጽር አላነበብኩም።

በዘፈኑ ምክንያት ፊልሙን ብንቀው ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀርብን ነበር። ዘፈን ለሕንድ ሲኒማ ሰው የማይናገረውን የሚናገርበት ቦታ ነው። እኛ በዜማ ማልቀስና በግጥም መሳደብ የምናውቅ ሕዝብ ይህ እንዴት ይከብደናል?

የተገላቢጦሹም ስህተት ነው፤ «የድሮ ፊልም ቀረ፤ የዛሬው ምኑም አይረባ» የሚሉ አሉ። የድሮ መጥፎ ፊልም ስለተረሳ ነው። የቀረልን የተበጠረው ብቻ ነው።

«የአማርኛ ፊልም አላይም»

የትኛውን? «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ታየ። «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. መጣ። ከዚያ ብዙ ዓመት አልፎ በቪዲዮ ካሜራ የሚቀረጹት ፊልሞች መጡና ሲኒማ ቤቶቹ ደጃፍ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። የፍቅር አለ፣ የቀልድ አለ፣ የመንፈስ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል የሚጥል ሰው ሦስቱን ጥሩ አድርጎ አላየም።

ማዘንም አልወድም። «ለእኛ አገር ጥሩ ነው» የሚባለውን ማለቴ ነው። ድምፁ ተቆራርጦ፣ ብርሃኑ ፊት ላይ ነጥቶ፣ ታሪኩ መሃል ላይ ጠፍቶ «ለእኛ አገር ጥሩ ነው» ማለት ባለሙያውን አለማክበር ነው። ያን ፊልም የሠራው ልጅ ድምፁ ላይ ስህተት እንዳለ ቢነገረው ለሚቀጥለው ያስተካክል ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። «ለፈረንጅ ተብሎ የተሠራ ነው» የሚባለው። የያሬድ ዘለቀ «ላም» በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ከተመረጡት ተርታ ሲገባ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። እንግሊዝኛ ነው፤ የበግ ግልገል ማለት ነው። እናቱን ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅ በጉን ይዞ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። ምግብ ማብሰል ይወዳል፤ አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ማየት አይፈልግም። በጉም ለበዓል ሊታረድ ታስቧል። ቡድናችን ውስጥ አንድ ሰው ፊልሙ እንዳለቀ «ለፈረንጅ ነው» አለ። የትኛው ትዕይንት እንደሆነ ጠየቅኩት። ተራራውን ጠቀሰ። ተራራው እኮ እዚያው አለ፤ ልጁ የሚኖረው እዚያ ነው። ሌላ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ አልነበረውም። የዳይሬክተሩን ልብ ማንበብ አንችልም። ምስሉን ግን ማንበብ እንችላለን። ይህ ቦታ ላይ ካሜራው ከልጁ ይልቅ መልክዓ ምድሩን ወደደ ማለት የሚችል ሰው ካለ እሰማዋለሁ፤ እስማማም ይሆናል።

የተለያየ ነገር አይቶ መጣላት

አጭር ናት፤ ግን ብዙ ሰው ታጣላለች። «ብሌድ ረነር» ሦስት የታወቁ ቅጂዎች አሉት። የ1982ቱ መሪ ተዋናዩ ከኋላ እየተረከ የሚሄድና መጨረሻው የሚያስደስት ነው። የ1992ቱና የ2007ቱ ትረካውም ያ መጨረሻም የላቸውም። ሁለት ጓደኞቼ ስለ መጨረሻው አንድ ሰዓት ተጨቃጨቁ፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ከመከራከራችሁ በፊት የቱን እንዳያችሁ ተጠያየቁ።

የቴሌቪዥናችሁንም ማስተካከያ እዩት። የድሮ ፊልም ምስሉ ወደ ካሬ የተጠጋ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። ስክሪኑን እንዲሞላ ብላችሁ ከለጠጣችሁት ሰው ሁሉ ይወፍራል።

መጨረሻውን ላላየ ሰው መንገር ስህተት መሆኑን አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ።

ለጀማሪ ከባዱን ማሸከም

ይህ የእኛ የነባሮቹ ስህተት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጥሩ የድሮ ፊልም ምረጥልኝ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ያን «ዣን ዲልማን» ሰጠሁት። ሦስት ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነው። አንዲት ሴት ድንች ስትልጥ ልጣጩ እስኪያልቅ ታያላችሁ። እኔ እወደዋለሁ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ፊልም ጠይቆኝ አያውቅም። ሊያወራው የመጣውን ሰው በገዛ እጄ አስወጣሁት።

አሁን ለጀማሪ የምሰጠው «ባይሲክል ቲቭስ»ን ነው። ጣሊያን፣ 1948፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። አባት ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ሚስቱ የአልጋ ልብሳቸውን አስይዛ ብስክሌቱን ታስመልሳለች፤ በመጀመሪያው ቀን ይሰረቃል። ቀኑን ሙሉ ከትንሽ ልጁ ጋር ሮምን ሲያስስ ይውላል። መሪ ተዋናዩ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ይህን ለማንም አሳይቼ «የድሮ ስለሆነ አልገባኝም» ያለኝ የለም። የዕለት እንጀራው መሣሪያ የተሰረቀበትን ሰው ማን አያውቅም?

«እኔ ስለ ፊልም አላውቅም» ብሎ ዝም ማለት

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚያሳዝነኝ ነው። በየሳምንቱ መጥተው ቃል ሳይናገሩ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ሌሎቻችን ሾት፣ ክሎዝ አፕ፣ ኤዲቲንግ እያልን ስናወራ ይፈራሉ። ቃሉን ስላላወቁ ያላዩ ይመስላቸዋል። እኛም ቃሉን ስለምናውቅ ያየን ይመስለናል።

ከእነዚህ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ እዚያው ሰፈር ነው። አንድ ዓመት ያህል መጣች፤ «ያየሽውን አንድ ነገር» ስላት «ያው እንደሌሎቹ» ትለኛለች። ከዚያ የወንግ ካር ዋይን «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» አየን። የ2000 ፊልም ነው፤ ታሪኩ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ1962 ይጀምራል። ጎረቤታሞች የሆኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ የትዳር ጓደኞቻቸው እርስ በርሳቸው እንደሚዋደዱ ይደርሱበታል። ሁለቱ በዚያው ጠባብ ኮሪደር፣ በዚያው ደረጃ፣ በዚያው መንገድ ላይ እየተላለፉ ይገናኛሉ። ቡና ላይ ስለ አንዱ መገናኘታቸው ጭቅጭቅ ተነሣ። በአንድ ማታ ይህን ሁሉ ተነጋግረው እንዴት ወዲያው እንዲህ ተቀራረቡ፣ አያሳምንም አለ አንዱ። ሌላው ተስማማ። እኔም ልስማማ ነበር።

«አንድ ማታ አይደለም» አለች። ሁላችንም ዞርን። «ቀሚሷ እኮ ተቀይሯል። መጀመሪያ አበባ ያለበት ነው። ቀጥሎ ሌላ ነው። ቦታው ያው ነው እንጂ ቀኑ ሌላ ነው። ኮሌታው ሁሉም ላይ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው ያልታያችሁ።»

ፊልሙን ወደ ኋላ መለስነው። እሷ ስክሪኑ አጠገብ ቆማ በጣቷ አሳየችን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀሚስ። እኛ አንድ ማታ ያልነው ብዙ ቀን ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ቡና ፈላ፤ ፊልሙንም እንደገና ከመጀመሪያው አየነው።